በሳምንት አንድ ቀን የሃይጂን ተማሪዎችን የሚቆጣጠር ሐኪም መሆን፦ የሠራችሁበት እስቲ ንገሩኝ

ጠያቂዋ (የጥርስ ሐኪም፣ ሰሜን ቨርጂኒያ)

ሰላም ለሁላችሁ። የራሴ የጥርስ ክሊኒክ አለኝ። እዚሁ አካባቢ ያለ አንድ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ለዴንታል ሃይጂን (የጥርስ ማጽዳትና የድድ እንክብካቤ ሙያ) ተማሪዎቹ ተቆጣጣሪ ሐኪም ይፈልጋል። ሥራው ሐሙስ ሐሙስ ብቻ ነው። ተማሪዎቹ በኮሌጁ ክሊኒክ ውስጥ እውነተኛ ታካሚ ነው የሚሠሩት። እኔ የታካሚውን የጤና ታሪክ አይቼ እፈቅዳለሁ፣ ራጅ አዛለሁ፣ አፍ እመረምራለሁ፣ ተማሪ ማደንዘዣ ሲወጋ እዚያው እገኛለሁ።

የሰዓት ክፍያው ክሊኒኬ ውስጥ ከማገኘው ጋር ጨርሶ አይገናኝም። ባለቤቴም "ለምን ራስሽን ታደክሚያለሽ?" ይለኛል። እኔ ግን ጥያቄው ከመጣልኝ ጀምሮ ከሐሳቤ አልወጣ አለ። ማስተማር እወዳለሁ።

ሁለት ነገር ያሳስበኛል። አንደኛ፣ ጥርስ ማጽዳት የእኔ የየዕለት ሥራ አይደለም። ክሊኒኬ ውስጥ ይህን የሚሠሩት ሃይጂኒስቶች ናቸው፤ በዚህ ሥራ እጃቸው ከእኔ ይበልጣል። ታዲያ ምኑን ነው የማስተምራቸው? ሁለተኛ፣ ዋጋው ርካሽ ስለሆነ ወደዚያ ክሊኒክ የሚመጣው ብዙው ሐበሻ ነው አሉኝ። ይሄ ሥራውን ያቀለዋል ወይስ ያከብደዋል?

ሃይጂኒስትና አስተማሪ፣ ሜሪላንድ

እህቴ፣ ግቢበት ብዬ ልጀምር። የመጀመሪያው ጥያቄሽ ግን ተገቢ ነው። ብዙ ሐኪም ሳይጠይቀው ይመጣና ከእኛ ጋር ይጋጫል።

ክሊኒኩ የሚመራው በሃይጂኒስቶች ነው። የፕሮግራሙ ኃላፊ ሃይጂኒስት ናት፣ ከወንበር ወንበር እየዞሩ የሚያስተምሩትም ሃይጂኒስቶች ናቸው። ለፕሮግራሞቹ እውቅና የሚሰጠው ኮሚሽን ለረጅም ዓመታት የሠራበት ልክ ክሊኒክ ውስጥ አንድ አስተማሪ ከአምስት ተማሪ በላይ እንዳይዝ ነው። ስለዚህ ተማሪዋ የመንጋጋ ጥርሱን የኋላ ጎን ግሬሲ 13/14 በሚባለው የማጽጃ መሣሪያ እንዴት እንደምትይዘው፣ ጣቷን የት እንደምታሳርፍ፣ ወንበሩን ምን ያህል እንደምታዘነብል የሚያሳያት አለ። አንቺ መጥተሽ "እኔ እንዲህ ነው የምሠራው" ብለሽ ሌላ አያያዝ ካሳየሻት ልጅቷ መሀል ቤት ትቀራለች። ከሰዓት በኋላ የምፈትናት እኔ ነኝ።

አንቺ ይዘሽ የምትመጪው ሌላ ነገር ነው። በአብዛኛው ስቴት ሃይጂኒስት "ይሄ ጥርስ ተቦርቡሯል፣ ይሞላ" ብላ የመወሰን ሥልጣን የላትም። ማየት ግን አለባት። ያየችውንም ለሐኪም በአጭሩ፣ ሳትፈራ መንገር አለባት። ተመርቃ ሥራ ስትይዝ ሐኪሙ በሁለት ታካሚ መሀል ለጥቂት ደቂቃ ነው ብቅ የሚለው። የትኛው ጥርስ፣ በየትኛው ጎን፣ ራጁ ምን ያሳያል፣ ድዱ የት ይደማል የሚለውን በዚያች ደቂቃ መናገር ካልቻለች ያየችው ነገር ሳይታከም ይቀራል። ይህን ከእኛ ጋር ብቻ ተለማምደው አይወጡትም፤ ሐኪም ፊት ቆመው መናገር አለባቸው። ሐሙስ ሐሙስ የምታስተምሪው እሱን ነው።

ሙያው ራሱ እኮ የተጀመረው እንዲህ ነው። ኮኔቲከት፣ ብሪጅፖርት ውስጥ አልፍሬድ ፎንስ የሚባል የጥርስ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1906 ረዳቱን አይሪን ኒውማንን ጥርስ ማጽዳት አስተማራት። በ1913 ትምህርት ቤት ከፈተ። ኒውማን በ1917 የመጀመሪያዋ ባለ ላይሰንስ ሃይጂኒስት ሆነች። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ከ300 በላይ ፕሮግራሞች አሉ።

ዴንቲስት፣ ዳላስ

እኔ ደግሞ ሌላውን ጎን ልንገርሽ። ሠርቼበት ተውኩት። አሥራ ሁለት ተማሪ፣ አንድ ሐኪም። ጠዋት ቀዝቀዝ ብሎ ይጀምራል፤ ምሳ ሰዓት ሊደርስ ሲል ሁሉም በአንድ ጊዜ እጁን ያወጣል። ታካሚው ወንበር ላይ ሦስት ሰዓት ተኝቶ ወገቡን አሞታል፣ ተማሪዋ የፈተና ሰዓቷ እያለፈ ነው፣ አንተ ከአንዱ ወደ አንዱ ትሮጣለህ። የሚፈልጉት ፊርማህን ነው። ላይሰንስህ ያንተ፣ ታካሚው የኮሌጁ፣ ክፍያው ለፓርኪንግ ነው የሚበቃው። ጊዜ ካለሽ ከልጆችሽ ጋር አሳልፊው።

የጥርስ ሐኪም፣ ሲያትል

ወንድሜ ዳላስ፣ ወረፋው እውነት ነው። እኔም ጋ ነበር። ወረፋው የሚፈጠረው ግን ሁሉም የሐኪሙን ምርመራ መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጡት ነው። እኛ ከኃላፊዋ ጋር ተነጋግረን ቀየርነው። መጀመሪያ የጤና ታሪክና የደም ግፊት ብቻ እያየሁ ሁሉንም ወንበር እዞራለሁ። ግፊቱ ላይኛው 180 ወይም ታችኛው 110 ከደረሰ ያን ቀን አይነካም፤ ወደ ሐኪሙ ይላካል። ቀጥሎ ራጅ የተነሱትን አያለሁ። አፍ የምመረምረው ተማሪዋ የድድ ኪሶቹን (በድድና በጥርስ መሀል ያለውን ክፍተት) ለክታ እንደጨረሰች ነው፤ ጽዳቱ እስኪያልቅ አልጠብቅም። ካልኩለሱ (ጥርስ ላይ የደረቀው ቆሻሻ) ከተነሳ በኋላ የሚጣራ ጥርስ ካለ ለእሱ ብቻ እመለሳለሁ።

ፊርማ ብቻ ነው ባልከው ላይ ግን አልስማማም። ፊርማ ብቻ የሚሆነው እኛ ፊርማ ብቻ ስናደርገው ነው።

እኔ አንድ ደንብ አለኝ። ተማሪዋ ያገኘችውን ሳትነግረኝ መስታወት አላነሳም። ወንበሩ አጠገብ እቆማለሁ፣ እጄን ወደ ኋላ አጣጥፋለሁ፣ "ምን አገኘሽ?" እላለሁ። ከዚያ ዝም እላለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ይጨነቃሉ። "ሁሉም ደህና ነው ዶክተር" ይላሉ፣ ወይ ወረቀቱን ይሰጡኛል። ወረቀቱን አልቀበልም። ሴሚስተሩ ሊያልቅ ሲል እነዚያው ልጆች "ታችኛው ግራ፣ የመጀመሪያው መንጋጋ፣ በምላስ በኩል 6 ሚሊሜትር፣ ይደማል፣ ሥሮቹ የሚለያዩበት ላይ መሣሪያው ይገባል፣ ራጁም አጥንቱ እንደቀነሰ ያሳያል" ይሉኛል። ያን ጊዜ ነው የማየው። "ልክ ነሽ" እላለሁ፣ ወይም "እስቲ እሷን ቦታ እንደገና ለኪያት"። መሣሪያውን ከእጇ አልቀማም። አንዴ ከቀማህ ቀጥሎ ወንበር ስትደርስ ሁለተኛዋም ልትሰጥህ ትዘረጋለች።

ሌላ ብዙ የሚያጣላው ልኬት ነው። ተማሪዋ 4 ትላለች፣ አስተማሪዋ 6 ትላለች፣ እኔ 5 እላለሁ፣ ታካሚው ሦስታችንንም ያያል። ብዙ ጊዜ ልዩነቱ የእጅ ክብደት ነው። ፕሮብ (የድድ ኪስ የሚለካበት ቀጭን መሣሪያ) ሲገባ የሚመከረው ኃይል ከ20 እስከ 25 ግራም ገደማ ነው። ያ በጣም ቀላል ነው። ስለዚህ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ይዤ እሄዳለሁ። የፕሮቡን ጫፍ ሚዛኑ ላይ አሳርፈው አፍ ውስጥ እንደሚጫኑት ይጫናሉ፣ ቁጥሩን ራሳቸው ያነባሉ። ብዙዎቹ ከልክ በላይ ይጫናሉ፤ ፈሪዎቹ ደግሞ እስከ ታች ሳይደርሱ ያወጡታል። አስተማሪዎቹና እኔም ተራ በተራ እንጫናለን። ያን ያደረግን ሰሞን ጭቅጭቁ ቀነሰ።

የሃይጂን ተማሪ፣ ሁለተኛ ዓመት

ይቅርታ፣ በሐኪሞች መሀል ገባሁ። ግን ከወንበሩ ማዶ ያለውን ማወቅ ከፈለጉ ዶክተር፣ አንድ ነገር ልበል።

እኛ ጋ ሐኪሞቹ በየቀኑ ይቀያየራሉ። ማክሰኞ የሚመጡት ዶክተር "ይሄ ገና ቀለም ነው፣ ይከታተሉት" ያሉትን ጥርስ ሐሙስ የሚመጡት "ይሞላ" ይላሉ። ታካሚዋ እኔ ላይ ታፈጣለች። ሁለቱም ምክንያት እንዳላቸው ይገባኛል፤ ምክንያቱን የሚነግረኝ ግን የለም። እርስዎ ቢያንስ "ለምን" የሚለውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ቢነግሩን ትልቅ ነገር ነው። ራጁ ላይ ጉዳቱ ኢናሜሉን (የጥርሱን የላይ ሽፋን) አልፎ ዴንቲን (ከሥሩ ያለው ክፍል) ደርሷል ወይስ አልደረሰም፣ ይኸው ነው የምንፈልገው።

ሌላው እርማት ነው። ታካሚው ጆሮ ሥር "ይሄን ሁሉ ትተሽዋል" ሲባል የቀረውን ሰዓት እጄ ይንቀጠቀጣል። ታካሚውም ከዚያ በኋላ አያምነኝም። "የላይኛው ቀኝ የመጨረሻው ጥርስ የኋላ ጎን ላይ አንዴ ይመለሱ" ቢባል ይገባኛል። ነጥቡን በኋላ ይቀንሱ፤ ቅር አይለኝም።

ማታ ልጅ አስተኝተን፣ ቅዳሜ እሁድ ሺፍት ሠርተን የምንማር ብዙ ነን። ላይሰንስ ለማግኘት የምንወስደው የቦርድ ፈተና 350 ጥያቄ ነው፤ ከእነሱ 150ው በታካሚ ታሪክ ላይ የተመሠረተ ነው። ስለዚህ ክሊኒክ ውስጥ የሚነግሩን ነገር ሁሉ ይጠቅመናል።

ጠያቂዋ

እናመሰግናለን እህቴ፣ የልብሽን ነው የነገርሽን። የማክሰኞና የሐሙሱን ነገር ማስታወሻዬ ላይ ጽፌዋለሁ። ሲያትል፣ ሚዛኑን ራሴም ክሊኒኬ ውስጥ ልሞክረው ነው። የሐበሻ ታካሚ ጉዳይስ?

የጥርስ ሐኪም፣ ሲያትል

እሱ ላይ ትንሽ ልንዛዛ ነው፤ ታገሱኝ። አማርኛ የሚናገር ሐኪም በቦታው መኖሩ ትርጉሙ ይኼኛው ነውና።

ወንጂ፣ መተሐራ፣ ዝዋይ ያደገ ሰው ይመጣል። የፊት ጥርሶቹ ቡናማ ናቸው፣ አንዳንዱ ላይ ጉድጓድ ጉድጓድ አለ። ተማሪዋ የሲጋራ ወይም የቡና ቀለም ነው ብላ ትፍቃለች። አይለቅም። የባሰ ትፍቃለች። ያ ፍሎሮሲስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የፍሎራይድ ልክ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ በስምጥ ሸለቆ በብዙ ቦታ የጉድጓድ ውሃው ከዚያ ያልፋል። ቀለሙ የገባው ልጁ ትንሽ ሳለ፣ ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ ሲሠራ ነው። በመሣሪያ አይወጣም። እኔ ተማሪዋን "ታካሚውን የት እንዳደጉ ጠይቂያቸው" እላታለሁ። መልሱን ስትሰማ መፋቋን ታቆማለች። ታካሚውም ብዙ ጊዜ ዕድሜ ልኩን "ጥርስህን አትቦርሽም" ሲባል የኖረ ሰው ነው። የእሱ ጥፋት እንዳልሆነ ሲነገረው ፊቱ ሲፈታ ታያለሽ። ከፈለገ የሚሸፈንበት መንገድ እንዳለ ንገሪው፤ ያ ያንቺ ሥራ ነው።

ከሰሜን የመጡ እናቶች ደግሞ ድዳቸው ተነቅሶ ይመጣሉ። ተማሪዋ መላው የላይኛው የፊት ድድ ጠቁሮ ታገኝና ደንግጣ "ባዮፕሲ?" (ሥጋ ተቆርጦ ይመርመር?) ብላ ትጽፋለች። በአማርኛ ስጠይቃቸው ልጅ ሳሉ ለውበት በመርፌ የተነቀሱት መሆኑን ይነግሩኛል። ግን ተጠንቀቂ። ንቅሳት ግራና ቀኝ ተመጣጥኖ ነው የሚታየው፣ ታሪክም አለው። አንድ ቦታ ብቻ የወጣ፣ በቅርብ የመጣ፣ የሚያድግ ጥቁር ነገር ካየሽ "የእኛ አገር ንቅሳት ነው" ብለሽ እንዳታልፊው። ተማሪዋ መደንገጧ ጥሩ ነው። ቀጥላ መጠየቅ ነው ያለባት።

እንጥልም አለ። ጉሮሮ ስትመረምር እንጥል የለም። በሕፃንነቱ ተቆርጧል። ተማሪዋ ምን ብላ እንደምትጽፍ አታውቅም። "በልጅነት በባህላዊ መንገድ የተቆረጠ" ብላ ትጻፍ፣ በቃ።

ከሁሉ የሚከብደው ጫት ነው። የጤና ታሪኩ ቅጽ ላይ ሲጋራና አልኮል አለ፤ ጫት የለም። እዚህ አገር ደግሞ ሕገ ወጥ ስለሆነ ማንም በራሱ አይናገርም፤ ልጁ ወይም ሚስቱ አጠገቡ ካሉ ጭራሽ። ግን በአንድ ጎን ጉንጩ ውስጥ ነጣ ያለ ሻካራ ነገር፣ በዚያው ጎን የሸሸ ድድ ካየሽ ጠይቂ። ሰው በሌለበት፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "የምጠይቅዎ ለሕክምናው ነው፣ ከዚህ አይወጣም" ብለሽ። ጫት የደም ግፊትና የልብ ምት ይጨምራል። ጠዋት ቅሞ የመጣን ሰው ኤፒነፍሪን (እሱም የልብ ምትና ግፊት ሊጨምር የሚችል አድሬናሊን) ያለበት ማደንዘዣ ከመስጠትሽ በፊት ማወቅ አለብሽ። ለተማሪዎቹም ይህን የሚነግራቸው ሌላ ሰው የለም።

ስለዚህ ያከብደዋል ወይ ላልሽው፣ አዎ ያከብደዋል። እዚያ መገኘትሽም የሚጠቅመው ለዚሁ ነው።

ሃይጂኒስትና አስተማሪ፣ ሜሪላንድ

ጾሙን ረሳኸው ወንድሜ። ዓቢይ ጾም ላይ ሰው ምንም ሳይቀምስ ጠዋት ይመጣል፣ ሦስት አራት ሰዓት ወንበር ላይ ይቆያል። የስኳር ሕመምተኛ ሆኖ መድኃኒቱን ወስዶ ምግብ ያልበላ አጋጥሞኛል። አሁን ተማሪዎቼ "መድኃኒት ወስደዋል?" ካሉ በኋላ "ምግብስ በልተዋል?" ሳይሉ አያልፉም። የሚጾም ከሆነና ስኳር ካለበት ቀጠሮውን ከሰዓት በኋላ እናደርገዋለን።

ጅማ የተማረ፣ ፍሎሪዳ

ሰላም ናችሁ። ጅማ ነው የጥርስ ሕክምና የተማርኩት፣ አገር ቤትም ሠርቻለሁ። ፍሎሪዳ በውጭ አገር የተማረ የጥርስ ሐኪም የሃይጂኒስት ፈተና ወስዶ እንዲሠራ ስለሚፈቅድ አሁን በሃይጂኒስትነት እሠራለሁ። ይህን ሥራ እኔ ላገኘው እችላለሁ? ማስተማር በጣም ነው የሚናፍቀኝ።

የጥርስ ሐኪም፣ ሲያትል

ወንድሜ፣ በተቆጣጣሪ ሐኪምነት አይሆንም። ሕክምናውን የሚፈቅደው በስቴቱ የጥርስ ሐኪም ላይሰንስ ያለው ሰው መሆን አለበት። በሃይጂኒስት ላይሰንስህ ግን የክሊኒክ አስተማሪ መሆን ትችላለህ። ብዙ ፕሮግራሞች የመጀመሪያ ዲግሪ ይጠይቃሉ፤ የጅማውን አስገምግመህ አቅርብ። ደግሞ ካንተ ይልቅ ለዚያ የተገባ አላውቅም፤ ሁለቱንም ወንበር አይተኸዋል።

ሐኪምነቱን ሙሉ በሙሉ መመለስ ከፈለግህ መንገዱ ብሔራዊ ቦርዱን አልፎ የውጭ ምሩቃን ፕሮግራም መግባት ነው። ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ይፈጃል፣ ውድ ነው። በግል ጻፍልኝ፣ አብረን እናየዋለን።

የጥርስ ሐኪም፣ አዲስ አበባ

ከዚህ ሆኜ ሳነብ ቀናሁ። እኛ ክሊኒክ ጥርስ የምናጥበው እኛው ሐኪሞቹ ነን። ሰዉ የሚመጣው ሲያመው ነው፤ ስለዚህ አንድ ሰው ላይ ሦስት ሰዓት ተቀምጦ ድድ መለካት ቅንጦት ይመስላል። ግን "ምን አገኘህ?" ብሎ ዝም ማለት ገንዘብ አይጠይቅም። ከነገ ጀምሮ ከኢንተርኖቼ ጋር እሞክረዋለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ለተማሪዎቻችሁ ስለ መፋቂያም ንገሯቸው። እድሜ ልካቸውን መፋቂያ የያዙ አባቶችን "ይህን ጥለው ብሩሽ ይግዙ" ማለት አያስፈልግም። የፊተኛውን ገጽ በደንብ ያጸዳል። የሚቀረው በጥርሶች መሀልና በውስጥ በኩል ያለው ነው። "መፋቂያውን ይቀጥሉ፣ መሀል ለመሀሉ ይህችን የጥርስ ክር ይጨምሩ" ሲባሉ ይሰማሉ። መፋቂያውን ካጣጣልሽባቸው ክሩንም አይነኩትም።

ዴንቲስት፣ ዳላስ

ሲያትል፣ ያን የመጀመሪያ ዙር ነገር እኛ ጋ ማንም አላሰበውም። እንዲህ ቢሠራ ኖሮ ምናልባት እቆይ ነበር። ክፍያው ላይ ግን ሐሳቤን አልቀይርም፤ የሚያስተምር ሰው እንዲህ አነስተኛ መከፈል የለበትም። ተማሪዎቹም የሚጎዱት በዚህ ነው፤ ጥሩ ሐኪም ሁለት ሴሚስተር ሠርቶ ይሄዳል።

ጠያቂዋ

ክፍያው ላይ ልክ ነህ፣ እኔም ለኃላፊዋ እነግራታለሁ። ግን ሐሙስን ልይዘው ወስኛለሁ። ባለቤቴም ይህን ውይይት አንብቦ ተረታ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ከመጀመሪያው ቀን በፊት ምን ላዘጋጅ? ኢንሹራንሱስ?

ሃይጂኒስትና አስተማሪ፣ ሜሪላንድ

እሰይ! ኮሌጁ የሙያ ኃላፊነት ሽፋን ይሰጥሽ እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቂ። "አዎ ይሸፍናል" የሚል የቃል መልስ አትቀበዪ። ለራስሽ ኢንሹራንስም ደውለሽ በሌላ ቦታ እንደምትሠሪ አሳውቂ። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ማስረጃሽንና የሲፒአር (ልብ ሲቆም የሚሰጥ እርዳታ) ካርድሽን አዘጋጂ፤ ሳይጠይቁሽ አያስገቡሽም።

የክሊኒኩን መመሪያ ከነቅጾቹ አንድ ሳምንት ቀድመሽ ውሰጂና አንብቢ። በተለይ ማደንዘዣ ላይ። የልብ ሕመም ላለበት ሰው የኤፒነፍሪን ጣሪያው 0.04 ሚሊግራም ነው፤ ማደንዘዣው ውስጥ ያለው ኤፒነፍሪን 1:100,000 ከሆነ ሁለት ካርትሪጅ (የማደንዘዣ ብልቃጥ) ገደማ ማለት ነው። ተማሪዎቹ ይህን ከመውጋታቸው በፊት አስልተው እንዲነግሩሽ አድርጊ። መርፌ በሚሰጥበት ሰዓት ከሕንፃው እንዳትወጪ። ምሳሽንም ከዚያ ጋር አስተካክዪ።

አንድ ሐሙስ ቀድመሽ መጥተሽ ዝም ብለሽ ተመልከቺ። ማክሰኞ የሚሠሩትን ሐኪም ስልክም ከኃላፊዋ ተቀበዪ። መሞላት ያለበትንና የሌለበትን ጥርስ በተመለከተ ሁለታችሁ ራጅ ይዛችሁ አንድ ማታ ብትነጋገሩ፣ ከላይ የጻፈችው ልጅ የነገረችን ችግር እናንተ ጋ አይኖርም።

የሃይጂን ተማሪ፣ ሁለተኛ ዓመት

ዶክተር፣ እኛ ጋ ቢሆኑ ምንኛ ደስ ባለኝ። ሚዛኑን ይዘው ይሂዱ።